ሺሻ፣ ቬፕ እና «ሲጋራ አላጨስም» የሚለው በሽተኛ

ጥያቄ፦ ሐረር የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ ሲ ዋን (የመጀመሪያው የክሊኒክ ዓመት) ገብተን ዋርድ ጀምረናል። አብራኝ የምታድረው ጓደኛዬ «ሺሻን ውሃው ያጣራዋል፣ ከሲጋራ ይሻላል» ትላለች። ከድሬዳዋ የሚመጡ ልጆች ደግሞ ቬፕ ይዘው ይመጣሉ፤ «እንፋሎት እኮ ነው» ይሉናል። የክፍሌ ልጆች ምን ያህል እንደሚያውቁ በመጠይቅ ላጠና አስቤአለሁ። የቱ እውነት ነው? በሽተኛስ እንዴት ይጠየቃል? መጠይቁስ ምን ይምሰል?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሺሻና ቬፕ ለጤና እንደማይበጁ የማያውቅ የሕክምና ተማሪ እምብዛም የለም። የሚጎድለው ጉዳቱ ከየት እንደሚወጣና በሽተኛ ፊት ተቁሞ ምን እንደሚባል ማወቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ አገሮች የሦስተኛ ዓመት የሕክምና፣ የጥርስ፣ የነርስና የፋርማሲ ተማሪዎችን በመጠይቅ ሲያጠኑ ደጋግመው ያገኙት ይህንኑ ነው። አብዛኞቹ «በሽተኛ ትንባሆ እንዲተው መምከር ሥራችን ነው» ይላሉ፤ እንዴት እንደሚመከር ክፍል ውስጥ የተማሩት ግን ጥቂት ናቸው። ያውም በዋናነት ስለ ሲጋራ።

ጓደኛሽን በውሃው እንጀምርላት። የሺሻ ዕቃ ከላይ የሸክላ ራስ፣ ከሥሩ ወደ ታች የሚወርድ ዘንግ፣ ውሃ የያዘ ጠርሙስና ከጠርሙሱ የሚወጣ ቱቦ አለው። በሸክላው ውስጥ በሞላሰስና በግሊሰሪን የራሰ፣ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ትንባሆ ይደረጋል፤ የተበሳሳ ፎይል ይለብሳል፤ ከፎይሉ ላይ የፋመ ከሰል ይቀመጣል። ሰውየው ሲስብ አየሩ አስቀድሞ የሚያልፈው በከሰሉ ነው። ከዚያ በትንባሆው፣ ከዚያ በዘንጉ፣ መጨረሻ ላይ በውሃው። ቅደም ተከተሉን ያዢው፤ የሚቀጥለው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዛል፣ ያረጥባል። ጭሱ ውሃውን የሚያልፈው በአረፋ ሆኖ ስለሆነ ውሃ የሚነካው የአረፋው ቆዳ ብቻ ነው፤ መሐል ያለው ጭስ ሳይነካ ያልፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ (መርዛማው ጋዝ) ደግሞ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ከኒኮቲኑ ጥቂት ውሃው ውስጥ መቅረቱ እውነት ነው፤ ይህ ግን የሚያተርፍ ነገር አይደለም፦ ሱሰኛው የለመደውን መጠን እስኪያገኝ ረዘም አድርጎ፣ ደጋግሞ ይስባል። የቀዘቀዘ ጭስ ጉሮሮ ስለማይፍቅ ወደ ሳንባው ጥግ ድረስ ይወርድለታል። በሲጋራ የሚያስለው ሰው በሺሻ የማያስለው ለዚህ ነው፤ አለማሳሉን ግን «ቀላል ነው» ብሎ ይተረጉመዋል።

ጭስ በውሃ እንዲያልፍ ያደረገው በሕንድ የንጉሠ ነገሥት አክባር ሐኪም የነበረው ሐኪም አቡል ፈትህ ነው ይባላል፤ ዓላማውም ትንባሆን ጉዳት አልባ ማድረግ ነበር። እንግዲህ ወሬውን ያስጀመረው የኛው ሙያ ሰው ከሆነ፣ ማረሙም የኛ ዕዳ ነው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ወገን ያለውን ስህተት እንይ፤ ጤና ትምህርት የሚሰጡ ሰዎች የሚሠሩት ስህተት ነው። «አንድ ሺሻ ማለት መቶ ሲጋራ ነው» ይላሉ። ቁጥሩ ከየት መጣ? ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይስባል፤ በጠቅላላው ግማሽ ሊትር ገደማ ጭስ ያስገባል። ሺሻ ላይ የተቀመጠ ሰው ከ20 እስከ 80 ደቂቃ ውስጥ ከ50 እስከ 200 ጊዜ ይስባል፤ አንዱ ስበት እስከ 1 ሊትር ሊደርስ ይችላል። መቶ ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ሊትር ብትይ 50 ሊትር ነው፤ መቶ እጥፉ ተገኘ። ነገር ግን ይህ የጭስ ብዛት ነው እንጂ የመርዝ ብዛት አይደለም። ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ አንድ የሺሻ ቁጭታን ከአንድ ሲጋራ ጋር ሲያስተያይ ጭሱ 125 እጥፍ፣ ታሩ (በጭሱ ውስጥ ያለው ዝፍት መሰል ቅሪት) 25 እጥፍ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ 10 እጥፍ፣ ኒኮቲኑ 2.5 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። በዚያ ላይ ሲጋራ አጫሽ በቀን 20 ሊያጨስ ይችላል፤ ሺሻ ግን ብዙዎች በሳምንት ጥቂት ቀን ነው የሚያጨሱት። በየቀኑ ሺሻ የሚያጨስ ሰው ሽንት ውስጥ የሚገኘው የኒኮቲን ቅሪት በቀን 10 ሲጋራ ከሚያጨስ ሰው ጋር ይቀራረባል። አራቱን ቁጥሮች ለይተሽ ተናገሪ፤ «መቶ ሲጋራ» ያልሽው ተማሪ አንድ ቀን ቁጥሩን ራሱ ፈትሾ ሲደርስበት ሌላውንም አያምንሽም።

ከአራቱ ለሐረርና ለድሬ ልጅ ከሁሉ የሚያሳስበው ካርቦን ሞኖክሳይዱ ነው። ምንጩ ትንባሆው ሳይሆን ከሰሉ ነው፤ ከሚሳበው ካርቦን ሞኖክሳይድ ዘጠና በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። እዚህ አገር ከሰል ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት እንደሚገድል የማያውቅ ሰው የለም። ይኸው ሰው ግን ያንኑ ከሰል ከአፉ አንድ ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጦ፣ በቱቦ እየሳበ፣ መስኮቱ በተጋረደ የበርጫ (የጫት መቃሚያ) ክፍል ሦስት ሰዓት ይቀመጣል። «ከሰሉ ፍም ስለሆነ ጭስ የለውም» ሲባልም ትሰሚያለሽ። ጭሱ መጥፋቱ የጋዙ መጥፋት አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ቀይ ፍምም በብዛት ያወጣዋል።

ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እስከ 250 እጥፍ ጠብቆ ይያያዛል። ሐረር ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ኦክስጅን ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ እዚህ ያለ ሰው ትርፍ የለውም። የሚታየው ምልክት ራስ ምታት፣ መጥወልወል፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ መምታት፣ አንዳንዴም ራስን መሳት ነው። ቃሚዎቹ ይህን «ሺሻው ጠንከር ያለ ነው» ወይም «ምርቃናው ነው» ብለው ያልፉታል። ጫትም ኒኮቲንም ልብ ያፋጥናሉ፣ የደም ግፊት ይጨምራሉ፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ ያ ልብ የሚፈልገውን ኦክስጅን ይቀንስበታል። በአንድ ክፍል ሦስቱ ሲገናኙ የሚፈጠረው ይህ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ስትሆኚ የምትሳሳቺው እዚህ ላይ ነው። ተራው ፐልስ ኦክሲሜትር (ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ) በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው አይለይም፤ 98% አሳይቶሽ በሽተኛው ኦክስጅን ያጣ ሊሆን ይችላል። የጣት ቁጥሩ አያረጋጋሽ። ከበርጫ የመጣ፣ ራሱን የፈለጠው፣ ያስመለሰው ወጣት ከሆነ ከሰል የነበረበት ክፍል እንደሆነ፣ አብረውት የነበሩትንም አሟቸው እንደሆነ ጠይቂ፤ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ላይ ራሱን ካመመው ምርመራው ከሞላ ጎደል አለቀ። ጥርጣሬ ካለሽ ውጤት ሳትጠብቂ ከረጢት ባለው የፊት ጭንብል በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ኦክስጅን ጀምሪ። ተራ አየር የሚተነፍስ ሰው ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ምልክቱ እስኪጠፋ ቀጥይ፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ንድፍ) አንሺ፤ ሴት ከሆነች እርግዝና መኖሩን ሳታረጋግጪ አታሰናብቺ። ፅንሱ ከእናቱ በላይ ይጎዳልና፣ ኦክስጅኑም ይረዝማል።

ትንባሆ የሌለበት «ዕፀዋት ብቻ» ሺሻ? ኒኮቲን የለውም። ከሰሉ ግን ያው ከሰል ነው።

የረዥም ጊዜውን ባጭሩ፦ ሺሻ ከሳንባ ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት በተደመሩ ጥናቶች ከማያጨስ ሰው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ ያነሰ ክብደት ያለው ሕፃን መውለድም እንዲሁ። የድድ በሽታም ይጨምራል። አንድ የቱቦ አፍ መቀባበል የአፍ ኸርፒስና ሌሎች በምራቅ የሚተላለፉ ነገሮችን ያዛምታል። ስለ ቲቢ ግን ሰው ሁሉ ቱቦውን ይወቅሳል፤ በኔ እይታ ዋናው ጥፋተኛ ክፍሉ ነው። ቲቢ በአየር ነው የሚሄደው፤ አንድ የሚያስል ሰው ከስምንት ሰው ጋር በተዘጋ ክፍል ለሰዓታት ከተቀመጠ፣ ለያንዳንዱ የፕላስቲክ አፍ ብታድዪም ለውጥ የለውም።

ወደ ቬፕ። «እንፋሎት» ማለት ከውሃ የሚወጣ ነው፤ ከቬፕ የሚወጣው ግን በጣም ደቃቅ የፕሮፒሊን ግላይኮልና የግሊሰሪን ጠብታዎች ጉም ነው። ዕቃው ባትሪ፣ የሚግል የሽቦ ጥቅል፣ ሽቦው ላይ የተጠመጠመ ጥጥና ፈሳሽ ነው። በዛሬ መልኩ ያወጣው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ሲሆን ዘመኑ 2003 እ.ኤ.አ. ነው። ፈሳሹ ውስጥ ከሁለቱ መሠረቶች በተጨማሪ ጣዕምና ኒኮቲን አለ። ነገር የሚበላሸው ጥጡ ሲደርቅ ወይም ሽቦው ከልክ በላይ ሲግል ነው፦ ያኔ ፈሳሹ ተሰባብሮ ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን ይወጣሉ፤ ሳቢው የተቃጠለ ጥጥ ጣዕም ይሰማዋል። ከሽቦውም ኒኬልና ክሮሚየም ያሉ ብረቶች ወደ ጉሙ ይገባሉ።

ኒኮቲኑን ማስላት ግን ማንኛውም ተማሪ መቻል አለበት። ማሸጊያው ላይ 5% ከተባለ በ1 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1 ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በላይ አይፈቅድም፣ የፈሳሹ ማጠራቀሚያም ከ2 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ስለዚህ እዚያ በሕግ የሚሸጠው አንዱ ዕቃ ቢበዛ 40 ሚሊ ግራም ይይዛል። 10 ሚሊ ሊትር የያዘ፣ 5% የሆነ ተጥሎ የሚሄድ ቬፕ 500 ሚሊ ግራም ነው። ከአንድ ሲጋራ ወደ ሰውነት የሚገባው ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ግራም መሆኑን አስታውሺ። ከቬፑም ሁሉ ወደ ደም አይገባም፤ ቢሆንም ሲጋራ አንዱ ሲያልቅ «በቃኝ» የሚያሰኝ ማብቂያ አለው፤ ቬፕ የለውም። በዛ ላይ አዲሶቹ ኒኮቲኑን ከቤንዞይክ አሲድ ጋር አዋህደው በጨው መልክ ስለሚያደርጉት ጉሮሮ አይቆነጥጥም፤ ከፍ ያለ መጠን ያለ ሳል ይገባል። ሲጋራ ነክቶ የማያውቅ የ18 ዓመት ልጅ በማንጎ ጣዕም ሱስ የሚይዘው በዚህ መንገድ ነው።

ፈሳሹን ሕፃን ከጠጣው አደጋ ነው። ማስመለስ፣ መገርጣት፣ ላብ ይቀድማሉ፤ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዘግየት ሊከተሉ ይችላሉ። እንዲያስመልስ አታስገድዱ፤ ቆዳ ላይ የፈሰሰውን በብዙ ውሃ እጠቡ፤ ማርከሻ መድኃኒት ስለሌለው ትንፋሹንና ምቱን እየደገፋችሁ ነው የምታክሙት፣ ለዘገየ ምት አትሮፒን አለ። ለድሬ ሙቀት ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ የሊቲየም ባትሪ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተውም።

በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ቬፕ በሚስቡ ሰዎች ላይ የተነሳውን የሳንባ ጉዳት ተማሪዎች ደባልቀው ነው የሚያውቁት። እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ታመው ሆስፒታል ገብተዋል ወይም ሞተዋል፤ ከነዚህ 68ቱ ሞተዋል። ዋናው ምክንያት ሆኖ የተገኘው የካናቢስ ዘይት ለማብዛት የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነበር፤ የተለመደው የኒኮቲን ፈሳሽ አይደለም። ትምህርቱ ለኛ ግልጽ ነው፦ ምን እንደተጨመረበት የማይታወቅ ፈሳሽ ሳንባ ያቃጥላል። እዚህ በኮንትሮባንድ ለሚመጣው ዕቃ ደግሞ ያለው ነገር ማሸጊያው ላይ ስለመጻፉ ተጠያቂ የለም። ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከማስመለስና ከተቅማጥ ጋር ይዞት የመጣ፣ በራጅ ሁለቱም ሳንባው በነጭ ጥላ የተሸፈነ ወጣት ሲገጥምሽ የሳንባ ምችና ቲቢን መርምሪ፤ ግን ባለፉት 90 ቀናት ቬፕ ስቦ እንደሆነም ጠይቂ።

«ሲጋራ ለማቆም ይረዳል» የሚለውስ? ይህ ውሸት አይደለም፤ የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ 886 ሰዎች የተካፈሉበት የእንግሊዝ ሙከራ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጋራ ያቆሙት በቬፕ 18%፣ በኒኮቲን ማስቲካና በመሳሰሉት 9.9% ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ግን የሚመለከተው ሲጋራ የሚያጨስን አዋቂ፣ ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ በቬፕ የሚተካን፣ ይዘቱ ቁጥጥር ያለበትን ዕቃ ነው። አጭሶ ለማያውቅ ልጅ ምንም የሚያስገኝለት የለም። ሁለቱንም አብሮ የሚያጨስም ብዙ አያተርፍም። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ ረገድ ከእንግሊዞቹ ጋር አይስማማም። እኛ አገር የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሺሻንም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም ንግድ ስለሚከለክል ሐኪም ሊያዝዘው የሚችል ነገር አይደለም።

አዋጁ ለታሪክ አወሳሰድሽ ሌላ ትርጉም አለው፦ በሽተኛው ይደብቃል። «ታጨሳለህ?» ስትይው «ሲጋራ? ኧረ የለም!» ይላል፤ ቻርቱ ላይ «አያጨስም» ተብሎ ይጻፋል። ውሸት አልተናገረም፤ ጥያቄው ነው የጠበበው። በሕይወት ፋናም ሆነ በድል ጮራ ሆስፒታል ራውንድ ላይ ብትሆኚ እንዲህ በይ፦ «የምትነግረኝ ለሕክምናህ ብቻ ነው፤ ለቤተሰብም ለፖሊስም አይሄድም። ባለፈው አንድ ወር ሲጋራ፣ ሺሻ፣ ቬፕ፣ ጋያ፣ ሱረት፤ ከነዚህ የቱን ቀምሰሃል?» ስም በስም ጥሪያቸው። አስታማሚው ክፍሉ ውስጥ ካለ ጥያቄውን አቆዪው። ከገጠር የመጡ አዛውንት «ሺሻ» ብትያቸው ይቆጣሉ፤ «አባባ፣ ጋያ ያጨሳሉ?» ብትያቸው ግን «ከልጅነቴ ጀምሮ» ሊሉሽ ይችላሉ። ጋያም እኮ ጭሱን በውሃ የሚያሳልፍ ነው።

መልሱ «አዎ» ከሆነ በፓኮ ዓመት (በቀን የሚጨሰው ፓኮ በዓመታቱ ተባዝቶ) ለማስላት አትድከሚ፤ ለሺሻ አይሠራም። በሳምንት ስንት ቀን፣ በአንድ ቁጭታ ስንት ደቂቃ፣ ለስንት ሰው፣ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ፣ ከጫት ጋር ነው ወይ፣ ክፍሉ ይዘጋል ወይ ብለሽ ጻፊ። «ሺሻ፣ በሳምንት 4 ቀን፣ 2 ሰዓት ገደማ፣ ለ3 ሰው፣ ከ19 ዓመቱ፣ ከጫት ጋር፣ በተዘጋ ክፍል» የሚል መስመር ከ«ሶሻል ስሞከር» ብዙ ይናገራል። ከዚያ አንድ ጉዳት ከመጣበት ሕመም ጋር አገናኝተሽ ንገሪው፤ አምስት ጉዳት የዘረዘርሽለት ሰው አንዱንም አይዝም። ማቆም ከፈለገ ቀን ይቁረጥ። ንዴቱና እንቅልፍ ማጣቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይበረታል፣ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይረግባል። ጫቱን ሳይተው ሺሻውን ብቻ ልተው የሚል ሰው አሮጌው በርጫ ቤት ተመልሶ ከገባ ሳምንት አይቆይም፤ ቢያንስ ክፍሉንና ሰዎቹን ይቀይር።

አሁን መጠይቅሽ። «ሺሻ ለጤና ጎጂ ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም «አዎ» ይልሽና ምንም ሳታውቂ ትመለሻለሽ። ጥያቄው የአሠራሩን ዕውቀት ይፈትን፣ እውነትና ሐሰት ይቀላቀል። ለምሳሌ፦ «የሺሻ ውሃ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ያስቀራል» (ሐሰት)፤ «ትንባሆ የሌለበት ሺሻ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል» (እውነት)፤ «በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዘ ሰው ፐልስ ኦክሲሜትር ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያል» (ሐሰት)፤ «5% የሆነ የቬፕ ፈሳሽ በ1 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ያህል ኒኮቲን አለው» (እውነት)። «አላውቅም» የሚል ምርጫ አስገቢ፤ ስትተነትኚ ግን ከስህተቱ ጋር አትደምሪው። የማያውቅ ተማሪ ያስተምሩታል፤ ተሳስቶ እርግጠኛ የሆነው ግን መጀመሪያ መፍረስ ያለበት ነገር አለው።

አመለካከት ለብቻው ይሁን፤ «በሽተኛን ስለ ሺሻ መጠየቅ የሐኪም ሥራ ነው» በአምስት ደረጃ። ተግባርን «አብዛኛውን ጊዜ ትጠይቃለህ?» ብለሽ አትለኪ፣ ሁሉም ራሱን ያሞግሳል። «መጨረሻ ታሪክ ከወሰድክባቸው 5 በሽተኞች ስንቱን ስለ ሺሻ ወይም ቬፕ ጠየቅክ?» ብትዪው ቁጥር ይሰጥሻል። የራሱን አጠቃቀም «በሕይወት ዘመን» እና «ባለፉት 30 ቀናት» ብለሽ ለያይ።

ናሙናው እንዲህ ይሰላል፦ መቶኛው ካልታወቀ 50% ብለሽ፣ በ95% እርግጠኝነትና በ5% የስህተት ልክ 384 ይመጣል። ተማሪዎቹ በጠቅላላው 400 ቢሆኑ ማስተካከያው ወደ 197 ያወርደዋል፤ ለማይመልሱት 10% ስትጨምሪ 217። ስም፣ መታወቂያ ቁጥርና ዶርም አትጻፊ፤ ዕድሜ፣ ጾታና ባች ተደምረው በትንሽ ክፍል ውስጥ አንድን ሰው ሊያሳውቁ ስለሚችሉ ዕድሜን በክልል ጠይቂ። የተከለከለ ነገር ስለምትጠይቂ ወረቀቱ በታሸገ ሣጥን ይግባ፣ መምህር ክፍሉ ውስጥ አይቁም፤ የኮሌጁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድልሽም አንድ ወረቀት አታድዪ። ቅድመ ሙከራውን ከናሙናሽ ውጭ፣ ድሬዳዋ በሚማሩ አሥራ አንድ ያህል ተማሪዎች ላይ አድርጊው፤ «ጋያ» የሚለው ቃል ያልገባው ልጅ ካለ እዚያ ላይ ይታወቃል።